የአባቴ ነጭ ክኒን

እስከ ዛሬ ቪታሚን ሲባል ደሜ ይፈላል። በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ አናታቸውን እያዞራቸው፣ ጣታቸውም እየደነዘዘ ሲያስቸግራቸው ከስማዳ ንፋስ መውጫ ድረስ በበቅሎ ወሰድኋቸው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ክንዳቸውን አስሮ ለካና ደም ብዛት ነው አለ። የደም ሥራቸው ስለ ደነደነ ጨው እንዲቀንሱ፣ ነጩን ክኒን በየቀኑ እንዲውጡ፣ ደኅና ሆንሁ ብለውም እንዳያቋርጡ አጥብቆ ነገራቸው።

ለፋሲካ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣና ሁሉን አበላሸው። የሚያብረቀርቅ ቀይ ቪታሚን በጠርሙስ ይዞ፣ ይኼ ደም ሥር ይጠርጋል፣ ያንን መራራ ነገር ይተዉት አላቸው። ማን ነገረህ ብዬ ብጠይቀው ሻጩ አለኝ። ሻጩ! እሱ የከተማ ሰው ነውና ታመነ። አብሬያቸው የምኖረው እኔ ግን ሴት ነኝ፤ ማን ሊሰማኝ።

አባቴ ቀዩን እየዋጡ ሰነበቱ፤ ጨዉም ተመለሰ። ነጩ የት እንደ ገባ የጠየቅሁት በማኅበራቸው ማግስት ነው። ተራው የእሳቸው ስለ ነበር ማኅበርተኛው እኛ ቤት ውሎ ነበር። ለካ ቢልቃጡን አውጥተው ለሽማግሌዎቹ አድለውታል። ሁሉም እየመረቀ በጠላ ውጦታል።

«አባቴ፣ ዳቦ መሰለዎት?» አልኋቸው።

«ሁሉም አናቱን እያመመው እኔ ብቻዬን ልዳን?» አሉኝ። ንዴቴ ከልብ ገርሟቸው ነበር።

በሰኔ በሬ ሲጠምዱ ወደቁ። አፋቸው ተጣመመ፣ ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ ምላሳቸው ተያዘ። ወንድሜ ቀዩን ጨምሩላቸው ብሎ ላከ። ጠርሙሱን ገደል ወረወርሁት፤ እሱም አጠገቤ ቢኖር አልምረውም ነበር። ነጩን እንደገና አስመጣሁ። ድሬሰሩ የዛለውን እጅ አይመልስም፣ ሌላ እንዳይደገማቸው ግን ሳያቋርጡ ይውሰዱ አለ።

ክኒኑ በገባ ዕለት አንድ ማኅበርተኛ ሊጠይቃቸው መጥቶ አልጋው ጥግ ተቀምጦ ነበር። ወደ አፋቸው ሳስጠጋው ጥርሳቸውን ገጠሙ። ለመንኋቸው። እምቢ ሲሉኝ በእንግዳ ፊት ጮህሁባቸው። አባቴ ዓይናቸውን ከእኔ ወደ ሽማግሌው አዞሩ። ከዚያ በደኅናው ግራ እጃቸው እጄን ያዙና ክኒኑን ወደ እንግዳው አፍ ገፉት።