ፍራው ሆልማን ሸራ ሲጎትቱ

ሥራዬ አረጋውያንን ቤት ለቤት መንከባከብ ነው፤ ድርጅቱ የሚልከኝ ራሱን መርዳት ላልቻለ ሰው ብቻ ነው። ፍራንክፈርት፣ ሳክሰንሃውሰን በሚባል ሰፈር ለሚኖሩት፣ ሰማንያ ዓመት ላለፋቸው ፍራው (ወይዘሮ) ሆልማን ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የሸሚዛቸውን ቁልፍ የምቆልፈው እኔ ነበርኩ። «ጣቶቼ እምቢ አሉኝ» ይሉኛል።

አንድ በጋ የወንድማቸው ልጅ በሸራ ጀልባው የክሮኤሺያን ደሴቶች ሊያዞራቸው ሆነ። «የምታለብሰኝ ካልመጣች አልሄድም» ብለው እኔንም አስከተሉኝ። ከዚያ በፊት ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ከደሴት ደሴት ባለፍን ቁጥር ባልዲ አቅፌ ሳስመልስ እውላለሁ። ሴትዮዋ ግን ጠዋት ስነሳ ለባብሰው መሪውን ይዘው አገኛቸዋለሁ። ገመድ ይቋጥራሉ፣ ሸራ ይጎትታሉ፣ ነፋስ የማይደርስበት ወሽመጥ ስንገባ መልሕቁን ራሳቸው ይጥላሉ። «ይህቺን ልጅ ውሃ ስጧት» እያሉም ይስቁብኛል። ሳምንቱን ሙሉ በንዴት ተቃጠልኩ።

ተመልሰን ሰኞ ጠዋት ፍራንክፈርት ቤታቸው ስገባ፣ ሸሚዛቸውን ሳይቆልፉ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«ፍራው ሆልማን፣ ያን ሁሉ ሸራ የጎተተ እጅ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል?» አልኳቸው፣ ትዕግሥቴ አልቆ።

«አያቅተውም» አሉ አገጫቸውን ቀና አድርገው እንድቆልፍላቸው እየጠበቁ። «ግን ራሴ ከቆለፍኩት፣ ነገ አንቺን ማን ይልክልኛል?»