ስድቡን እንዳለ
ቻይንኛ የተማርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ነቀምቴ አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ኖሬ የትምህርት ዕድል አገኘሁና ቻይና ሄድኩ። እዚያ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር አንድ ክፍል ተቀመጥኩ። አስተማሪያችን ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ነበሩ። ቁመታቸው ከትከሻዬ አይደርስም፤ በብረት ማስመሪያ ጠረጴዛውን ሲመቱት ግን ሁላችንም እንደነግጣለን። አንድ ቀን በትርጉም ልምምድ ላይ አንድ ጸያፍ ስድብ አለሳልሼ ባልፈው ማስመሪያው ጣቶቼ ላይ አረፈ። ጥፍሬ ጠቆረ። «አስተርጓሚ የራሱ አፍ የለውም» አሉኝ። መልሼ ልመታቸው እጄን አንስቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያቆመኝ ጨዋነት ሳይሆን ከአገር እባረራለሁ የሚል ፍርሃት ነው።

ቱግ ባይ ሰው ነኝ። ግን ያን ቀን ያቃጠሉኝን ሴትዮ ቃል ይዤ አገሬ ገባሁ።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ቻይንኛ ማስተማር ጀመርኩ። ተማሪዎቼ በሲሬ በኩል ቻይናዎች በሚሠሩት መንገድ ላይ በአስተርጓሚነት ለመቀጠር የሚፈልጉ አዋቂዎች ነበሩ። ከሁሉ የሚበልጠው አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር፤ የጨለለቂ ሰፈር ሰው፣ ሠላሳ ያለፈው፣ የሁለት ልጆች አባት። ጆሮው ልዩ ነው፤ ይሉኝታ ግን ያጠቃዋል። እኔ የተቆጣ አለቃ ሆኜ በቻይንኛ ስሳደብ፣ እሱ ወደ ኦሮምኛ ሲመልሰው «እባካችሁ ትንሽ ፈጠን በሉ» ይሆናል። ክፍሉ ይስቃል። ሁለት ጊዜ መከርኩት። በሦስተኛው በጥፊ አጮልኩት፣ በሰው ፊት። የጣቶቼ ምልክት ጉንጩ ላይ ቀረ፤ ሳቁም ቆመ። እጁን ጨበጠ፣ መልሶ ፈታው፣ ከዚያ ስድቡን አንድ ቃል ሳይቀንስ ተረጎመው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ደስ ነው ያለኝ።

ሥራውን አገኘ። በሦስተኛው ወር ሲሬ አጠገብ የውሃ መውረጃ ቱቦ ሲቀበር፣ የቻይናው ፎርማን አንድ ሽማግሌ ቆፋሪ ጥላ ሥር አረፍ ብለው አገኛቸው። ስድሳ የተጠጉ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው። ፎርማኑ አካፋቸውን በእግሩ መትቶ አራቀውና ውሻ አላቸው፤ እናታቸውንም ጨመረ። ተማሪዬ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ከዚያ ልክ እኔ እንዳስተማርኩት፣ በጠራ ኦሮምኛ፣ አብረዋቸው የሚቆፍሩ ሁለት ልጆቻቸው እየሰሙ፣ ውሻውንም እናታቸውንም እንዳለ ነገራቸው። ሽማግሌው አካፋውን አነሱ። ፎርማኑን ዞር ብለውም አላዩት። የአካፋው ጠርዝ ተማሪዬን ቅንድቡ ላይ አግኝቶት ወደ ታች ወረደ። ከወደቀ በኋላ ልጆቻቸው በእርግጫ ደገሙት፤ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር የሰማ አለ። ከሆስፒታል ሲወጣ ግራ ዓይኑ አልነበረም።

ስሰማ ደሜ ፈላ። ሄጄ ሽማግሌውን ላንቃቸው ነበር ያሰብኩት። የተማሪዬ ወንድሞችማ ገጀራ ይዘው መንገድ ጀምረው ነበር። ጃርሶሊ፣ የአገር ሽማግሌዎቹ፣ መሃል ገብተው መለሷቸው። ክፉው ቃል መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ሳይጣራ ዕርቅ የለም አሉ። ቆፋሪውም፣ «ቻይናው ቋንቋዬን አያውቅም። እናቴን የሰደበኝ ይህ የአገሬ ልጅ ነው» አሉ። ስለዚህ ፎርማኑ ይምጣ ተባለ፤ ለማስተርጎም እኔ ተጠራሁ።

ቆፋሪው ግቢ ተሰበሰብን። በአንድ ወገን ልጆቻቸው ዱላ ይዘው ቆመዋል። በሌላው ወገን የተማሪዬ ወንድሞች ጋቢ ደርበዋል፤ ጋቢው ሥር ምን እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ተማሪዬ ፋሻው እንደታሰረ አጠገቤ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው፣ «ያን ቃል ብለሃል? ዛሬስ ምን ትላለህ?» ብለው ፎርማኑን ጠየቁት። ተረጎምኩለት።

«አለቃዬ አስገድዶኝ ነው የመጣሁት» አለኝ በቻይንኛ። «ሽማግሌው ውሻ ነው፣ ዛሬም ውሻ ነው። ያኛው አስተርጓሚም አካፋ ሲመጣበት የማይሸሽ ደደብ ነው። ንገራቸው።»

 ዱላዎቹን አየሁ። ጋቢ ሥር የገቡትን እጆች አየሁ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ «አባቶቼ፣ በንዴት የተናገርኩት ነው፤ በአገራችሁ እንግዳ ነኝ። ሁለቱንም ሰዎች ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሏል» አልኩ። 

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትኩር ብለው አዩኝ። «ዱጋዳ፣ ባርሲሳ?» አሉ። እውነት ነው ወይ፣ መምህር፣ ማለታቸው ነው።

«ዱጋዳ» አልኩ።

ቆፋሪው አለቀሱ። ተነስተው የተማሪዬን ጉልበት ያዙ፤ እሱም አነሳቸው። ልጆቻቸው ዱላቸውን መሬት ላይ ጣሉ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ። ፎርማኑ ምን እንዳለ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም በቀረችው ዓይኑ ሲያየኝ ቆየ እንጂ ትንፍሽ አላለም።

ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ የሚወርደው ጨለለቂ ነው። ተማሪዬ ከሆነ ጀምሮ በአንቱታ ነበር የሚያናግረኝ።

«አንድ ዓመት ሙሉ አስተማርከኝ» አለኝ ሊወርድ ሲነሳ። «የዛሬውን አንድ ቀን ብታስተምረኝ ኖሮ ዓይኔ ነበረኝ።»

 መረገጫው ምን ያህል እንደሚርቅ መለየት አቅቶት እግሩ ሁለት ጊዜ አየር ላይ ዳሰሰ። እጄን ዘረጋሁለት፣ በጥፊ የመታሁበትን እጅ። አየው። ከዚያ የበሩን ብረት ይዞ ብቻውን ወረደ።