የሰዒድ ብቻ ለምን ፈጥኖ ይከፈታል?

ባለፈው ኅዳር፣ ጾመ ነቢያት በገባ ሰሞን የሆነ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እየሳቅሁ ስለተቸገርኩ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን ያመጣኝ ሥራ ነው፤ በአንድ አነስተኛ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ክፍሉን እይዛለሁ። ሠላሳዎቹ ተማሪዎቼ የሚሠሩት በአንድ ዋና ኮምፒውተር ነው። እያንዳንዱ ፊቱ ስክሪን አለው፤ በየራሱ ስምና የይለፍ ቃል ይገባል።

በዚያ ሳምንት መግባት ጭንቅ ሆነ። የይለፍ ቃሉን ካስገቡ በኋላ ስክሪኑ አምስት ደቂቃ ያህል ጥቁር እንዳለ ይቀራል። አንዴ ከገቡ ግን ምንም ችግር የለም። ዓርብ የግማሽ ሰዓት የተግባር ፈተና ነበረባቸው። ዳይሬክተራችን ሐሙስ ጠዋት መጥተው፣ "እህቴ፣ እስከ ማታ ካልተስተካከለ ፈተናውን ለሚቀጥለው ወር አስተላልፈዋለሁ" አሉኝ። ልጆቹ ደግሞ ሰኞ ለሥራ ሊመዘገቡ ነው። ያለ ውጤት ማን ይመዘግባቸዋል?

እኔ ጥፋቱን በልጆቹ ላይ ጣልኩት። "በፊልምና በፎቶ አጭቃችሁት ነው!" ብዬ ተቆጣሁና ቆሜ አስጠፋኋቸው። ብርቱካን የምትባል ተማሪዬ የእህቷን የሰርግ ፎቶዎች ያጠፋችው እንባዋ እየመጣ ነው። ከዚያ ዋናውን ኮምፒውተር አጥፍቼ አስነሣሁት፣ ገመዱን ሁሉ ፈተሽኩ። ያው ነው።

በመጨረሻ ሰዒድ እጁን አወጣ። የአሊዩ አምባ ልጅ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ።

"ቲቸር፣ የኔ እኮ ወዲያው ነው የሚከፈተው።"

"አንተማ ምንም ስላላጠራቀምክ ነው" አልኩት።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። "እሱ? የከተማው ፊልም በሙሉ እሱ ጋ አይደል እንዴ!" አለች ብርቱካን።

ሄጄ ሳይ እውነቷን ነው፤ ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል።

"አጥፉ ስል የት ነበርክ?"

"ወላሂ ቲቸር፣ የኔ ፈጣን ነው፤ ምን ብዬ ላጥፋ?"

የሱ ከሌላው በምን ይለያል እያልኩ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ድንገት ገባኝና ፊቴ ጋለ። መስከረም ላይ፣ ልጆቹ በዓላቱን እንዳይረሱ ብዬ፣ ሲገቡ የዕለቱ ቅዱስ ሥዕል እንዲመጣላቸው አድርጌ ነበር። ሰዒድ ሙስሊም ስለሆነ የሱን ትቼዋለሁ። ሥዕሎቹ ያሉት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። አንድ ልጅ ሲገባ ዋናው ኮምፒውተር ሥዕሉን ከዚያ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ፣ ተስፋ እስኪቆርጥ ይጠብቃል።

ወደ ጽሕፈት ቤት ሮጥኩ። አሮጌው ኮምፒውተር ጠፍቷል። በሶኬቱ የተሰካው የጸሐፊያችን የወይዘሮ አስካለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ እግራቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ።

"ውይ ልጄ፣ ይሄ ቆርቆሮ ይሠራል እንዴ? ውርጩ ሲብስብኝ ነቀልኩት። ከሱ የኔ ጉልበት አይበልጥም?"

ምን እላቸዋለሁ? የነገርኳቸው ነገር የለ። ምድጃውን ለጥቂት ደቂቃ አስነቅዬ አሮጌውን አስነሣሁት፤ ሥዕሎቹን ወደ ዋናው ኮምፒውተር ገለበጥኩና የማንንም ሶኬት እንዳይጠብቅ አደረግሁት። ተመልሼ በአንዱ ተማሪ ስም ስሞክር፣ በስመ አብ ብዬ ሳልጨርስ ተከፈተ።

አሁን የቀረው ከባዱ ነገር ነው። ፊታቸው ቆምኩና፣ "ልጆች፣ ያዘገያችሁ የኔ ሥራ ነው። ያለ ጥፋታችሁ ተቆጣኋችሁ፤ ይቅር በሉኝ" አልኳቸው።

ብርቱካን ቀስ ብላ፣ "የእህቴስ ሰርግ፣ ቲቸር?" አለችኝ።

"አታልቅሺ" አለ ሰዒድ። "ባለፈው በፍላሽሽ ፊልም ስትሰጪኝ አብሮ መጥቷል። እንዲያውም ሚዜዎቹን በስም አውቃቸዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ማን ዝም ያሰኛቸው! ብርቱካን እየሳቀች በደብተሯ ትከሻውን መታችው፣ እኔም ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ።

ዓርብ ሁሉም በሰዓቱ ገብተው ተፈተኑ። ነገሩን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሊገሥጹኝ ጀምረው ሳቅ ቀደማቸው።

ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ደስ ይለኛል። ወላጆቼ ሩቅ ናቸው፣ ብርዱንም ገና አልለመድኩትም። ያም ሆኖ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ይህን አገር እንግዳ ሆኜ አላየውም፤ በስሕተቴ እንደ እኅታቸው ስቀውብኛል።