የእትዬ ሚሊሜትር ልኬት

በወርክሾፑ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ አልነበረም፤ ሁሉም «እትዬ ሚሊሜትር» ነበር የሚላት። እሷም ስሙን ወዳዋለች። ሰው በግምት ሲናገር መስማት አይሆንላትም፤ ባሏ «ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ» ካላት እንኳ «ትንሽ ስንት ነው?» ትለዋለች።

ሥራዋ መለካት ነው። አዳራሹ መሀል የቆመው የሮቦት ክንድ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሽቦ እያቀለጠ፣ የብየዳ መስመር በመስመር ላይ እየደረበ የብረት ዕቃ ይሠራል። ከረንቱ፣ የሽቦው አወጣጥ ወይም የክንዱ ፍጥነት በተለወጠ ቁጥር የመስመሩ ስፋትና ከፍታም ይለወጣል። እሷ ናሙናውን ቆርጣ፣ አለስልሳና ለክታ ትመዘግባለች፤ ወጣቷ መሐንዲስ ደግሞ ከዚያ መዝገብ ተነስታ ሽቦው ገና ሳይቀልጥ ውጤቱን የሚተነብይ ሞዴል ኮምፒውተር ላይ ታዘጋጃለች።

አንድ ሰኞ ሞዴሉና ልኬቱ አልስማማ አሉ። ሞዴሉ ስፋቱ ስድስት ሚሊሜትር ነው ያለውን መስመር እሷ ስምንት ብላዋለች፤ እንዲህ ያለው ደግሞ አንድ ሁለት አልነበረም። መሐንዲሷ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ እስቲ አንዴ ደግመው ይዩልኝ አለቻት እንጂ። እትዬ ሚሊሜትር ግን የገዛ ዓይኗን ጠረጠረች። ከወራት ወዲህ የመለኪያዋ የካሊፐሩ ጭረቶች እየተደበላለቁባት ነበር፤ ይህንንም ለማንም ሳትተነፍስ በሆዷ ይዛዋለች።

ማታ ለባሏ ነገረችው። በማግስቱ እጇን ይዞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። በሳምንቱ አዲሱን መነጽር አድርጋ መሐንዲሷ ፊት ቆመች።

«ልጄ፣ ዓይኔ ደክሞ ነበር። የሁለት ዓመት ልፋትሽን አበላሽቼብሽ ይሆናል።»

መሐንዲሷ ወንበር ሳበችላት። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ናሙናውን አንድ በአንድ እንደገና ለኩ። ስምንት የተባለው ስምንት ሆኖ ተገኘ፤ የሚቀጥለውም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም እንደዚያው። ለካ ዓይኗን ስላላመነችው እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ስትለካ ከርማለች።

ታዲያ ጥፋቱ የት ነው? የማሽኑን ሠራተኛ ጠርተው ሲጠይቁት አንገቱን አከክ አከክ አደረገ። ሥራ ሲበዛበት የታችኛው መስመር እስኪበርድ ሳይጠብቅ ይደርብ ነበር። ቀልጦ የወረደው ብረት በጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይንጣለላል፤ ይሰፋል። ሞዴሉ የመጠበቂያውን ጊዜ ጭራሽ አያውቀውም።

«እኔ ነኝ የዘነጋሁት፤ እርስዎማ ልክ ነበሩ» አለች መሐንዲሷ፣ የመጠበቂያውን ጊዜ እዚያው ሞዴሉ ላይ እየጨመረች።

እትዬ ሚሊሜትር መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠች አልቆጠረችም።