በእርሳስ የተጻፈው ደንብ

ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ አርባ አንድ ደንቦች በእስክሪብቶ ተጽፈውበታል። አርባ ሁለተኛው ደንብ ግን እዚያ ውስጥ የለም። እሱ ያለው በአንድ የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ ነው። ስለዚያ ወረቀት ከአንድ ሰው በስተቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጨዋታውን ቆርኪ ኳስ እንለው ነበር። ልጆች በባዶ ቆርኪ መሬት ላይ የሚጫወቱትን ኳስ የማያውቅ የለም፤ የእኛ ግን ከዚያ አልፎ ሄዷል። እያንዳንዱ ተጫዋች ከሽቦ፣ ከሻማ ሰም ወይም ከእንጨት ሰባት ትንንሽ ሰዎች ይሠራል። ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። ሰዎቹ ቆርኪ ላይ ተጣብቀው ይቆማሉ፤ ቆርኪውን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ ሄዶ ኳሱን ይመታል። ኳሱ ቀይ ዶቃ ነው። የወደቀ ሰው ሁለት ተራ እስኪያልፍ ተኝቶ ይቆያል። ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከቡራዩ የመጡ ስምንት ሰዎች፣ ቡራዩ በማስተምርበት የግል ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይጋጠሙ ነበር።

እኔ አልጫወትም። ስታቲስቲክስ ተምሬ ስለነበር ነጥብ እንድይዝ ተጠየቅኩ፤ ከዚያ ደንብ እንድጽፍ፤ በመጨረሻም ዳኛ ሆንኩ። ሰው ፊት መናገር አልወድም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንኳ ጥያቄ ሲኖረኝ መምህሩን በር ላይ ጠብቄ ነበር የምጠይቀው። ዳኝነቱን የወደድኩት አፌን ሳልከፍት ስለሚሠራ ነው፤ ጭቅጭቅ ሲነሳ ደብተሩን ገልጬ ጣቴን መስመሩ ላይ አሳርፋለሁ፤ አለቀ።

ደንቡ ዝም ባለበት ቦታ ግን መናገር ነበረብኝ። በዚያ ጊዜ የሚያናግሩኝ ከሱሉልታ የሚመጡት ኦቦ ነበሩ። አናጢ ናቸው፣ ከሁላችንም በዕድሜ ትልቁ። ሁላችንም በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ እያልን አንቱ እንላቸው ነበር። ሰባቱን ሰዎቻቸውን ከወይራ እንጨት ነው የፈለፈሏቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሰፈራቸውን ሰው ይመስላሉ። አንዱ እግሩ ቆልመም ያለ ነው። አንዱ ሯጭ ነው። አንዱ ጃንጥላ ይዟል። አንድ ቀን ዶቃው የዚህን ሰውዬ ጃንጥላ ነክቶ ጎል ገባ።

“ጃንጥላ የሰው አካል አይደለም!” ብሎ ብድግ አለ የሰበታው ተጫዋች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ እንደ ማሽኑ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው።

“እናንተ ጋ አይደለም” አሉ ኦቦ። “ሱሉልታ ዝናብ ነው። እኛ ጋ ሰው ሲወለድም ይዞት ነው የሚወለደው።”

“ኦቦ፣ እንግዲያው የእኔ ተጫዋች ነገ መሰላል ይዞ ይመጣል!”

“ይምጣ፤ ኮርኒስ ትቀባልኛለህ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “እስቲ ዳኛዋ ምን ትላለች? ኢንታላ ኮ፣ አንቺ ያልሽው ነው።”

ልጄ ማለታቸው ነው። ፊቴ እየነደደ፣ “ጃንጥላው ከሰውዬው ጋር ከአንድ እንጨት ከተፈለፈለ አካሉ ነው፤ ከተጣበቀ ግን አይደለም” አልኩ። የሰበታው ጃንጥላውን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየው። “ከአንድ እንጨት ነው” አለ፤ ተቀመጠ። ደንብ ቁጥር ሃያ ሦስት ይኸው ነው።

አሠራሬ እንዲህ ነበር። ማብራሪያ ስሰጥ መጀመሪያ ያገኘሁት ወረቀት ላይ በእርሳስ እይዘዋለሁ። እሑድ ከሌሎቹ ደንቦች ጋር አለመጋጨቱን አይቼ በእስክሪብቶ ደብተሩ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ ሳይጀመር አነብላቸዋለሁ። ማብራሪያው የሚጸናው ግን ከተባለበት ቀን ጀምሮ ነው። ይህን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ደንብ ቁጥር አራት ነው።

ኦቦ ማንበብ አይችሉም። የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ሳያፍሩ። “እነዚህ ሁሉ ደብተሩን እያገላበጡ ያጣራሉ። እኔ አንቺን ነው የማጣራው” አሉኝ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ ያስነሳው ተቃውሞ ወደ ከተሞቻችን የገባው ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን በድንጋይ ይዘጋል። ሚኒባሶች ግማሽ መንገድ ላይ ሰው አውርደው ይመለሳሉ። ትምህርት ቤታችንም አንዳንድ ሳምንት ተማሪ አጥቶ ይዘጋ ነበር። ቅዳሜያችን ግን አልተቋረጠም፤ ርእሰ መምህሩ ውድድር መሆኑን የሚገልጽ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ጽፎልን በሩ ላይ ለጥፈነው ነበር። ጥበቃው ለሚጠይቀው ሁሉ ያንን ያሳያል።

አሸናፊው የሚያገኘው ዋንጫ አልነበረም። የሚቀጥለው ዓመት ውድድር በእሱ ከተማ ይደረጋል፤ ደብዳቤውም ለእሱ ይጻፍለታል። ለሌሎቹ ይህ ጉራ ነበር። ለኦቦ ምን እንደነበር ያወቅኩት ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ታክሲ መጠበቂያው ጋ አብረን ቆመናል፤ ሌሎቹ ሄደዋል።

“ጠረጴዛ ሠርቻለሁ” አሉኝ። “ከጥድ። ጠርዙን ሁሉ ፈልፍዬዋለሁ። አሥራ ሁለት ሰው ዙሪያውን ይቆማል።”

“ለእኛ ነው ኦቦ?”

“ለልጆቹ ነው። የእኔ ሠራተኞችም፣ የሰፈሩም ልጆች ቅዳሜ ሥራ ሲፈቱ አስፋልት ዳር ይቆማሉ። ፖሊስ የጫነ መኪና ሲመጣ ይሮጣሉ። ሲሮጡ ደግሞ ይባረራሉ። እኔ ኑ ብዬ ብሰበስባቸው ስብሰባ ነው ይባላል። ውድድር ከሆነ ግን ወረቀት አለው።”

ከዚያ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። ደንባችን ተጫዋች በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ካልደረሰ በፎርፌ ሦስት ለባዶ ይሸነፋል ይላል። መንገድ ተዘግቶ የቀረ ሰው እንዴት ይሆናል? አሰብኩበት። “ተነስቶ መንገድ ላይ መሆኑን ለዳኛ ካሳወቀ ጨዋታው ለሌላ ቀን ይተላለፋል” አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረ ያልታረመ ፈተና አውጥቼ ጀርባው ላይ ጻፍኩት።

“ጻፍሽው?”

“ጽፌዋለሁ።”

“ገለቶሚ” ብለው አመሰገኑኝ፤ ታክሲያቸው መጣ።

እሑድ አልገለበጥኩትም። ሰፈራችን ሲተራመስ ነው የዋለው፤ ሳምንቱንም ሙሉ ቤት ተዘግተን ከረምን። ወረቀቱ እዚያው ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ነበሩ። “ታክሲ የለም። በእግሬ ተነስቻለሁ። እወቂልኝ” አሉ፤ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልሠራም።

ከሰዓት በኋላ አምስት ሰው ብቻ መጣ። የሰበታው ጨዋታዎቹን ሁሉ ጨርሷል፤ ውጤቱን ለማየት ነው የመጣው፤ ለዚህም ከዋዜማው ገብቶ አስኮ አክስቱ ቤት አድሯል። እሱና ኦቦ በነጥብ እኩል ናቸው፤ ለኦቦ አንድ ጨዋታ ይቀራቸዋል፣ ከትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ጋር። እንደ ልማዴ አዲሱን ማብራሪያ ላነብ ተነሳሁ።

“እባክሽ ዛሬ ማብራሪያው ይቅርብን” አለ የሰበታው። “መንገዱ ሳይዘጋ እንገላገል።”

ሌሎቹ ሳቁ። ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነው።

ሠላሳ ደቂቃው አለቀ። የስፖርት መምህሩ ሰዎቹን ደርድሮ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። “ትንሽ እንጠብቃቸው እንጂ” አለ፤ ግን እሱም በመስኮት ወደ ውጭ ነበር የሚያየው።

“ደውለው ነበር” አልኩ። “በእግራቸው ተነስተዋል።”

“እኔስ በክንፍ ነው የመጣሁት?” አለ የሰበታው። “ስንቱን ኬላ ተፈትሼ ነው የገባሁት! አውቄ ቀደም ብዬ ተነሳሁ። ኦቦን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ደንብ ደንብ ነው። መንገድ ለተዘጋበት ሰው የተጻፈ ነገር አለ? አለ ወይስ የለም?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነበር። ጎንበስ ብዬ ወረቀቱን ማውጣት ነበረብኝ፤ ከዚያም ለምን እንዳልገለበጥኩት፣ ለምን መጀመሪያ ላይ እንዳላነበብኩት፣ ለምን ከኦቦ ጋር ብቻችንን ቆመን ደንብ እንዳወጣን ማስረዳት ነበረብኝ። የሰበታው “አሃ፣ ታክሲ መጠበቂያ ላይ!” ሲል፣ ሌሎቹ ሲስቁ ገና ሳይሆን ሰማሁት። ደብተሩን ገለጥኩ። ጣቴን ከደንብ አርባ አንድ በታች ባዶው መስመር ላይ አሳረፍኩ።

“አልተጻፈም” አልኩ።

እርሳስ ከጽሑፍ አይቆጠርም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ቀሪው ስሌት ነበር። በነጥብ እኩል። እርስ በርስ ሲገናኙ አንድ ለአንድ ወጥተዋል። ስለዚህ የጎል ልዩነት ይለያል። ኦቦ በሁለት ጎል ይበልጡ ነበር፤ የፎርፌው ሦስት ሲቀነስ የሰበታው በአንድ በለጠ። ተጫውተው አንድ ለባዶ ቢሸነፉ እንኳ አንደኛ ይሆኑ ነበር። ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ ደመርኳቸው፤ ስህተት አልነበረባቸውም።

የስፖርት መምህሩ ሰዎቹን ሳይሰበስብ በሩ ተከፈተ። ኦቦ የሰዎቻቸውን ሣጥን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ የሱሪያቸው አንዱ ጉልበት ተቀድዷል። ከሱሉልታ በእንጦጦ ወርደው፣ ከአስኮ ወዲህም በእግራቸው ነው የመጡት።

“አካም፣ ሰዎች” አሉ። “ቦታ ያዛችሁልኝ?”

የስፖርት መምህሩ በጣም ቀስ ብሎ ነገራቸው።

“ዳኛዋ ምን አለች?” አሉ ኦቦ።

“አልተጻፈም አለች” አለ የሰበታው። ድምፁ እንደወትሮው አልነበረም።

ያን ጊዜ አዩኝ። ተናገሩ ብዬ ለመንኳቸው፣ በልቤ። “ጽፌዋለሁ ብለሽኝ የለ?” ቢሉኝ ኖሮ ወረቀቱን አወጣው ነበር ብዬ አምናለሁ። አላሉም። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“እሷ አልተጻፈም ካለች አልተጻፈም” አሉ። “ውኃ የለም እንዴ እዚህ ቤት?”

ውኃ ቀድቼ አመጣሁላቸው። ጠጥተው ብርጭቆውን ሲመልሱልኝ አመሰገኑኝ።

ሰበታ ላይ ውድድር አልተደረገም። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ማህተም ተመታበት፤ የሰበታው ግን የሌሊት ሥራ ተመደበ፣ ከዚያ ፋብሪካው ለጊዜው ቆመ፣ ሁላችንም በየፊናችን ቀረን። ከወራት በኋላ የስፖርት መምህሩ ከሱሉልታ ወሬ ይዞ መጣ። ኦቦ ጋ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች ከአስፋልት ዳር ተይዘው ተወስደዋል። መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። “ቅዳሜ” አለኝ።

ጠረጴዛው ቢኖር ይተርፉ ነበር ወይ? አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር አይሰላም፤ ለማስላት ሞክሬ ግን አውቃለሁ።

ልጆቹ መፈታታቸውን ከሰማሁ በኋላ ሱሉልታ ሄድኩ። አንደኛው ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ሁለተኛው አልተመለሰም። ኦቦ መላጊያቸውን አስቀምጠው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። የጥዱ ጠረጴዛ ግድግዳው ጋ ተጠግቷል፤ ላዩ ላይ የመስኮት ክፈፎች ተደርድረዋል። ጠርዙ ላይ የፈለፈሉት ሐረግ በመጋዝ ብናኝ ተሸፍኗል።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለኝ። ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። “ተነስቶ መንገድ ላይ መሆኑን ለዳኛ ያሳወቀ ተጫዋች ጨዋታው ለሌላ ቀን ይተላለፍለታል።” እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“እሱ ነው” አሉ። “እንዳልነው ነው። ያን ቀን ቦርሳሽ ውስጥ ነበር?”

“ነበር።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለጥቂት ጊዜ በአውራ ጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ከብናኙ ያጸዱ ነበር።

“እኔ አውቀዋለሁ” አሉ በኋላ። “ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለሰበታው ልጅ አንብቢለት። ያ ልጅ እስካሁን አሸንፌያለሁ ብሎ ነው የሚያስበው።”

አነብለታለሁ አልኩ። ስልኩ አለኝ፤ የሚኖርበትን ሰፈርም አውቃለሁ። እርሳሱ እጥፋቱ ላይ መፍዘዝ ስለጀመረ ባለፈው ወር ወረቀቱን ላስቲክ ውስጥ ከተትኩት። በእስክሪብቶ ልገለብጠው ደብተሩን ከፍቼም ነበር፤ ሰው ሳይሰማው መገልበጡ ግን ዞሮ ዞሮ ያው ዝምታ መስሎ ታየኝና መልሼ ዘጋሁት። ለሰበታው እስካሁን አልደወልኩለትም።