በጀርባዬ የተኛሁበት ቤተ ክርስቲያን

ያሳሰረኝ ከሞርሲቶ ከተማ የመጣ ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ፣ እሱና እኔ ከውጭ አገር ትምህርት በተመለስን በሁለተኛው ክረምት፣ እዚሁ ሆሳዕና። ስሙን አልጽፍም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ ልጆቹ ደግሞ አልበደሉኝም።

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ወለሉ ቢጠረግም ሽታው አልለቀቀም፤ ዓይን ያቃጥላል። መስኮት የለውም። በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ብርሃን ይገባል፣ ሲዘንብ ደግሞ ውሃ። ከሴቶቹ አብዛኞቹ የታሰሩት ጴንጤ ናችሁ ተብለው ነው። ጠጋ ብላ ቦታ የሰጠችኝ አዲሎ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ የከምባታ ሴት ነበረች። ምን አድርገሽ ነው አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር።

ያወቅሁት በማግስቱ ካድሬው ቢሮ ስጠራ ነው። የሞርሲቶው ልጅ ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል። ምሥራቅ ጀርመን ሳለን ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በደረቴ ወድቄ ስጸልይና ሳለቅስ ማየቱን ተናገረ። ከተመለስን ወዲህ እሱና እኔ አንድ ትምህርት ቤት ሥዕል እናስተምር ነበር፤ ከሁለታችን አንዳችን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ልንሆን ነበር። እሱ ሆነ።

የሆነው እንዲህ ነው። ባሮክ ስለሚባለው የሕንፃና የሥዕል አሠራር በክፍል የተማርነውን በዓይናችን እንድናይ መምህራችን በአውቶቡስ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ወሰዱን። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ተሥሏል። ግንቡ የት እንዳለቀ፣ ሥዕሉ የት እንደጀመረ አይለይም። እውነተኛ የመሰለኝ ዓምድ ቀለም ሆኖ ተገኘ፤ ከደመናው የተንጠለጠለው እግር ደግሞ በጄሶ የተሠራ። መምህራችን ቆማችሁ አይሆንም፣ ተኙ አሉን። ሁላችንም በጀርባችን ተኛን። እሱ በግራዬ ነበር። ዓይኔን ሳልከድን ብዙ ስላየሁ እንባዬ ወረደ። በእኛ አገር ግን የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ተኝታ እንባዋ ከፈሰሰ፣ ሌላ ምክንያት አይፈለግላትም።

ካድሬው የፈለገው እኔን አልነበረም። እናቴ ቦኖሻ ትኖር ነበር። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እህል ልናበጥር ነው እያሉ ጓሮዋ የሚሰበሰቡ ሴቶች ነበሩ። እያንዳንዳቸውን አውቃለሁ። ስማቸውን ከነገርኩት ዛሬውኑ ወደ ሥራዬ እንደምመለስ ነገረኝ። አልጸለይኩም፣ ጣሪያ ነው ያየሁት አልኩት።

«እስቲ እንዴት እንደወደቅሽ አሳዪን» አለኝ።

ነጠላዬን እግሬ ላይ ጠቅልዬ ሲሚንቶው ላይ በጀርባዬ ተኛሁ።

«በደረትሽ ነው የተባለው።»

«በደረት ተኝቶ ጣሪያ አይታይም፣ ጓድ።»

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም። የሞርሲቶው ልጅ ጫማውን ያያል። እሱም አጠገቤ ተኝቶ ነበር ብል እሱን ለማሳሰር ይበቃ ነበር። አላልኩም። አዝኜለት አይደለም። ሰው ማሳሰር ምን ያህል እንደሚቀል ያን ጠዋት አይቼ ስለነበር ነው።

«እናትሽ ጓሮ የሚሰበሰቡት እነማን ናቸው?»

«ከታች በኩል ደመና ነበር» አልኩት። «ግራጫ ነው፤ ጫፉ ብቻ ቢጫ።»

በጠየቀኝ ቁጥር ከጣሪያው ላይ አንድ ነገር ነገርኩት። ተነሺ ሲለኝ ገና አልጨረስኩም አልኩ። በመጨረሻ ጠባቂው በክንዴ ጎትቶ አነሳኝ። ከአፌ አንድም ስም አልወጣም።

ክፍሉ ስመለስ ለቅቤ ነጋዴዋ ነገርኳት።

«እኛስ ለጌታ ብለን ነው» አለች። «አንቺ ለጣሪያ ታሰርሽ?»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ጋደም ብላ ወደ ቆርቆሮው እያየች፣ በይ ደመናውን ለእኔም ንገሪኝ አለችኝ። ነገርኳት። ሌሎቹም እየተጋደሙ አዳመጡ።

የተፈታሁት ከታሰርኩ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። ቦኖሻ ማንም አልተያዘም። እኔን ግን ወደ ትምህርት ቤቱ አልመለሱኝም፤ ጡረታ እስክወጣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ከዓመታት በኋላ ያ የሞርሲቶ ሰው ጌታን ተቀበለ። ጉባኤ ፊት ቆሞ ሲመሰክር፣ አንዲት እህት ስለ እምነቷ አሳስሬአለሁ ብሎ አለቀሰ። ሰዉም አብሮት አለቀሰ። ከዚያ ሽማግሌ ላከብኝ። ምሳ አቀረብኩላቸው። ሲጨርሱ፣ እሱ ራሱ የት ተኝቶ እንደነበር በዚያው ጉባኤ ይናገርና እታረቃለሁ አልኳቸው።

«እትዬ፣ ያለፈ ነገር ነው እኮ» አሉ አንዱ።

ሄዱ፤ መልስ ይዘው ግን አልተመለሱም።

ዛሬም ሰዎች ስለ እምነቷ የታሰረች እያሉ ያከብሩኛል። ስለ እምነቴ አይደለም እላቸዋለሁ። ቅር የሚላቸው አሉ። ያ ክብር የሚገባቸው መጋዘኑ ውስጥ ከጎኔ የተኙት ሴቶች ናቸው።

ሰውየው ባለፈው ዓመት ሞተ። ከተማው ወጥቶ ቀበረው። እኔ ብርድ ልብስ አጥቤ አሰጣሁ፤ ቤቴ ዋልኩ።