አቡጄዲ ላይ የመጣው ሰው

ሮቤ ከተማ የምትኖረው የእህቴ ልጅ የፈረንጆቹ ገና በደረሰ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክላ የፍቅር ፊልም ታያለች። ሁሌም ያው ነው። በረዶ ይወርዳል፣ ዛፍ ያጌጣል፣ ሁለት ሰዎች ይኳረፉና በዋዜማው ይታረቃሉ። «መጨረሻውን አስቀድመሽ እያወቅሽው ምን ያስቀምጥሻል?» አልኳት አንድ ቀን። «ስለማውቀው እኮ ነው፣ አክስቴ» አለችኝ ዓይኗን እንኳ ሳትነቅል። ልክ ናት። እኔ ግን ሰውየው በሩን ሊያንኳኳ ሲቃረብ ወጥ ያረረብኝ አስመስዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በደርግ ጊዜ ጎባ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ አለ፤ መቅረት አይቻልም፣ ቢቻልም አይበጅም። ሰዉ እያንቀላፋ ሲያስቸግር ሊቀመንበሩ ከየት እንዳገኘው እንጃ የፊልም ማሽን አስመጣ። ከስብሰባው በኋላ ፊልም ይታያል ተባለ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ፣ ግድግዳው ላይ አቡጄዲ ተወጠረ፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ እንድተረጉም ታዘዝኩ። ፊልሙ የሚናገረው ቋንቋ እንግሊዝኛ አልነበረም። ከየትኛው የሶሻሊስት አገር እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄን ቋንቋ እኮ አልችልም» ብዬ ብለምነው «የፈረንጅ አይደለም እንዴ? ምን የሚሉት አስተማሪ ነሽ?» ብሎ ዘጋኝ። በዚያን ጊዜ ክርክር የሚያበዛ ሰው የት እንደሚያድር ስለማውቅ ተረጎምኩ። ተረጎምኩ ስል፣ ፈጠርኩ ማለቴ ነው።

ፊልሙ ላይ አንድ የባቡር ሠራተኛ ከሩቅ አገር ወደ ሚስቱ ይመለሳል። እሷ መስኮት ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ቤቷ ውስጥ ያጌጠ ዛፍ አለ። የአዲስ ዓመት ይሁን የሌላ በዓል እኔ ምን አውቄ፤ ዛፍ ካለ ገና ነው ብዬ ገና አደረግሁት። ሊቀመንበሩ «የክረምት በዓል በይ» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። አንድ ቀን ብዬው አዳራሹ በሙሉ ሲስቅ ግን እሱም ተወው። በረዶው ሲወርድ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነስተው «ይሄ ሁሉ በረዶ ሲወርድባቸው ምነው አይሮጡም?» ብለው ጠየቁ። የሳነቴ ተራራ በረዶ ከብት ሲጥል ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል?

ችግሩ የመጨረሻው የፊልም ጥቅል ነበር። ሲላክልን ጎድሎ ነው የመጣው። ባቡሩ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ሰውየው በእግሩ ሲነሳ ፊልሙ ያልቅና መብራቱ ባዶውን አቡጄዲ ያበራል። የመጀመሪያው እሁድ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። «ዱፌ?» አለ ከገጠር የመጣ አንድ ገበሬ በኦሮምኛ፤ መጣ ወይ? ማለቱ ነው። ሌሎቹም ተቀበሉት። ዱፌ? ዱፌ? ጨንቆኝ «ዱፌራ! መጣ!» አልኩ። በሩን አንኳኳ፣ ሮጣ ከፈተችለት፣ ካፖርቱን አወለቀችለት እያልኩ ቀጠልኩ። ሰዉ ባዶውን ጨርቅ አፍጥጦ እያየ አዳመጠኝ፤ ስጨርስ አጨበጨበ።

በሚቀጥለው እሁድ መቀመጫ ጠፋ። ፊልሙን የሚመልስ መኪና ስላልተገኘ ከኅዳር ጀምሮ ያንኑ ደጋግመን አሳየን። የሚመጡት ልጆቻቸው ሰሜን ጦር ግንባር ያሉ፣ ወንድሞቻቸው በአፈሳ የተወሰዱባቸው ሰዎች ነበሩ። የሄደ ሰው በቀጠሮው ቀን ቤቱ ሲገባ ማየት ነበር የሚፈልጉት፤ ጎባ ውስጥ ደግሞ ይህ የሚሆነው እዚያች ጨርቅ ላይ ብቻ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ገናውን ተጋርቶ ይወጣ ነበር።

አንድም ቀን የማትቀረው ጎረቤቴ ነበረች። አጥራችን አንድ ነው። በቀበሌው ሱቅ ስኳር የምትመዝን፣ ሳቋ አጥር የሚሻገር ልጅ ናት። ባሏ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በመስከረም አንድ ቁስለኛ ወታደር ያመጣላት ደብዳቤ «ለገና ፈቃድ ሳይሰጡኝ አይቀሩም» ይላል። ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥና ስንወጣ ክንዴን ትይዘኛለች። «እትዬ፣ ዛሬ ካፖርቱን ቶሎ አስወለቅሽው። በሚቀጥለው በሩ ላይ ትንሽ አቁሚው፤ ትየው እንጂ!» እየሳቅሁ እሺ እላታለሁ፤ የጠየቀችኝንም እጨምራለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ክፍል ውስጥ እንደዚያ ያዳመጠኝ ተማሪ የለም።

ገና ሳምንት ሲቀረው ለቀበሌው ወረቀት መጣ። ባሏ ሞቷል። የእድራችን ዳኛ፣ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ጎረቤቶቿን ቤታቸው ሰበሰቡን። መርዶ እንደ ወሬ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ቀን ይመረጥለታል፣ ሰው ይመረጥለታል። «በዓል ከፊታችን ነው» አሉ። «በዋዜማው ቤቷን አናፍርስባት። ገናን ትዋል፤ በማግስቱ በጠዋት ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።»

«አባባ፣ እሁድ ፊልም አለ እኮ፤ መምጣቷ አይቀርም» አልኳቸው።

«ትምጣ እንጂ። አንቺ ብትቀሪ ነው የምትጠረጥረው።»

ወጥተን ስንበታተን ቅልል አለኝ። የምነግራት እኔ አለመሆኔ፣ ዛሬም አለመሆኑ። ፈሪ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከእሷ በቀር ወረቀቱን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ፀጉሯን ተሠርታ መጥታለች። በሩ ላይ ያዘችኝና «እትዬ፣ ለእኔ የዛሬው መጨረሻዬ ነው፤ ከእንግዲህ የራሴው ይመጣል» አለችኝ። «ዛሬ ግን እንዳታሳጥሪብኝ። ከገባ በኋላ ምን እንዳላት ንገሪኝ።»

ጥቅሉ አለቀ፤ አቡጄዲው ባዶ ሆነ። ያ ሲጮህ የከረመ አዳራሽ ጭጭ አለ። ዱፌ የሚል ጠፋ። ዝምታው ሲረዝምባት እሷው ዞር አለችና «ምን ሆናችኋል ዛሬ? ዱፌ?» አለች ለጨዋታ። ማንም ዓይኗን አላየም። የእድሩ ዳኛ ከጥግ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ቀጥይ ማለታቸው ነው።

«መጣ» አልኩ።

በሩ ላይ አቆምኩት፣ እንደምትወደው። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል አልኩ። መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ሲከልል ነው ያወቀችው አልኩ። ይሄን ፈረንጁ አያደርገውም። ይሄ የእሷ ባል ነው፤ በአጥሩ በኩል ስንቴ አይቼዋለሁ። ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ከአፌ ወጣ። «ብዙ አስጠበቅሁሽ፣ አይደል? ከእንግዲህ የትም አልሄድም» አላት አልኩ። ከኋላ አንዲት ሴት አለቀሰች። ሌላዋ ተከተለቻት። ጎልማሶች ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እሷ ወደ እነሱ ዞራ «እናንተ ደግሞ! መጣ እኮ፤ ምን ያስለቅሳችኋል?» ብላ ሳቀችባቸው። የእሷም ጉንጭ ረጥቦ ነበር፣ በደስታ።

በገና ዕለት ዶሮ ሠርታ ለእኔም በሳህን አመጣችልኝ። «ዛሬ ካልደረሰ ነገ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አለችኝ። በላሁላት። አለመብላት ያስጠረጥራል። በመንገዱ መኪና ባለፈ ቁጥር የአጥሯ በር ሲከፈት እየሰማሁ ዋልኩ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሄድን። በሩን ስትከፍት ለብሳ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ስታይ ፊቷ በራ፤ በትከሻችን ላይ አሻግራ ከኋላችን አየች። ይዘነው የመጣን መስሏት ነው። ከኋላችን ማንም እንደሌለ ስታይ የእያንዳንዳችንን ፊት በየተራ ተመለከተች። ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ ወደቀች።

በልቅሶው ሰሞን አላናገረችኝም። በሰባተኛው ቀን ምግብ ይዤ ስገባ ፍራሹ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት።

«ወረቀቱ የመጣው መቼ ነው?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ገና ሳምንት ሲቀረው።»

«ከእሁዱ በፊት።»

«አዎ» አልኳት። እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። «ይቅር በይን፤ ክፉ አስበን አይደለም። አገሩ በሙሉ ነው የደበቀሽ።»

ምግቡን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

«እነሱስ ደበቁኝ» አለች። «አንቺ ግን መጣ አልሽኝ።»